አልነበብ ያለው ዲስክ

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጉልላት ዲስኩን ለአራተኛ ጊዜ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋና አገላበጠው። ጭረት የለበትም። እርጥበት አልነካውም። ዳር ዳሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መልሶ ለማሽኑ አጎረሰው። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ትንሽ ዝም አለ፣ እንደገና አጉረመረመ። ከዚያ ያችው የእንግሊዝኛ መስመር በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ብቅ አለች። ዲስኩን ማንበብ አልተቻለም፤ እንደገና ይሞከር ወይስ ይቅር? ትላለች።

እንደገና ሞከረ። ያችው መስመር መጣች።

በዚያ ዲስክ ላይ የሁለት መቶ አሥራ አራት ወጣቶች ስም ነበር። ሁሉም የቀበሌው ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ለብሔራዊ ውትድርና የተመረጡ። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ዝርዝሩ ከቀበሌው በላይ ላለው ለከፍተኛው መቅረብ አለበት። ጊዜው የካቲት 1982 ዓ.ም. ነው። ሬዲዮው ስለ ድል ያወራል፤ ከሰሜን የሚመጡ ቁስለኞች ግን ሌላ ያወራሉ፤ ኮልፌ ውስጥ ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በር ትወጣለች።

ጉልላት ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ሀንጋሪ አገር ስታቲስቲክስ አጥንቶ ሲመለስ ከመጻሕፍቱ ሌላ ይዞት የመጣው ቁም ነገር ይህ ኮምፒውተር ነበር። ከአንድ ተመራቂ ላይ አሮጌውን ነው የገዛው፤ መተየቢያውና ሆድ ዕቃው አንድ ላይ የተሠራ፣ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር የሚቀጠል፣ በስተቀኙ ዲስክ የሚጎርስበት አፍ ያለው። አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቀን አመላልሰውታል። «ሬዲዮ መገናኛ አይደለም?» «ወረቀት ያባዛል?» እያሉ ጠይቀውታል። በመጨረሻ «ከቀበሌህ ደብዳቤ አምጣ» አሉት። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በዛብህ ስለ ማሽኑ ያወቀው ያኔ ነው። ደብዳቤውን ጻፈለት፤ ነገሩን ግን ልቡ ውስጥ አስቀመጠው።

ባለፈው ዓመት የምልመላው ዝርዝር የተዘጋጀው በወረቀት ነበር። መኪናው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ስማቸው ከተጻፈው ልጆች ግማሾቹ ከሰፈሩ ጠፉ። ዝርዝሩን ማን እንዳሳያቸው አልታወቀም። የቀበሌው ጸሐፊ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ምንም አልተገኘም። ጓድ በዛብህ ከበላዮቹ የደረሰበት ወቀሳ አጥንቱ ድረስ ዘልቆ ስለነበር ዘንድሮ ሰው ማመን ተወ። መዝጋቢዎቹ ቤት ለቤት የሞሉትን ቅጽ ሰብስቦ ጉልላት ቤት አመጣው።

«በማሽንህ ላይ ትጽፈዋለህ» አለው። «የተጻፈው ወረቀት ይቃጠላል። ቅጂ የለም፤ አንድ ዲስክ፣ አንድ ብቻ። ያንን ማንበብ የሚችል ሰው በዚህ ቀበሌ ውስጥ ካንተ በቀር የለም። ስለዚህ ወሬው ከወጣ አንተ አወጣኸው ማለት ነው። ግልጽ ነው?»

ጉልላት ግልጽ ነው አለ። እምቢ ቢል ማሽኑ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ምናልባት ከማሽኑ ጋር እሱም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ተቀምጦ የሰፈሩን ልጆች ስም በፈረንጅ ፊደል ጻፈ። እጁ ሲደክም «እኔ አልመረጥኳቸው፤ እኔ የምጽፍ ብቻ ነኝ» ይላል ለራሱ። አንድ ክምር ባለቀ ቁጥር የቀበሌው ዘብ ወረቀቱን ወስዶ ከግቢው ጀርባ ያቃጥለዋል።

የሰፈሩ ሰው ምን እንደሚጻፍ ባይነገረውም ጭሱን ያያል፤ ቅጹ ማን ቤት እንደገባም ያያል። ሰላምታው አጠረ። ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ሊያዩ ይመጡ የነበሩት ጎረቤታቸው እትዬ ወለተጻድቅ እንኳ መምጣት ተዉ። ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ያላቸው ልጅ አንድ ነው፣ አምሐ የሚባል፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። በዝርዝሩ ላይ ቁጥሩ ሰባ አንድ ነው።

ጉልላት ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ከሀንጋሪ ያመጣውን የጨዋታ ዲስክ አጎረሰ። ማሽኑ አጉረመረመ፤ ጥቂት ቆይቶ የጨዋታው ሥዕል በመስታወቱ ላይ ተዘረጋ።

ጉልላት ወደ ኋላ ተደገፈ። ማሽኑ ደህና ከሆነ የታመመው ዲስኩ ነው። ዲስኩ ደግሞ ትናንት ማታ ደህና ነበር፤ የመጨረሻውን ስም ጽፎ መልሶ አንብቦታል፤ ከዚያ ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ዲስክ በራሱ አይሞትም። ማግኔት ያስጠጋበት ሰው ካለ ግን ምልክት እንኳ ሳይተው ይሞታል። የመሳቢያው ቁልፍ ሁለት ነው። አንደኛው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ሚስቱ ጋ ነው።

ካሳነሽ ቤቴል ካለ አንድ ክሊኒክ ነርስ ናት። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርታ፣ አየር ጤና ድረስ በታክሲ መጥታ፣ ከዚያ ታክሲ አጥታ በእግሯ ስትገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ፊቱን አየችው።

«ምን ሆነሃል?»

«ዛሬ ቤት ማን መጣ?»

«ማንም። ማለቴ፣ ጠዋት አንተ ከወጣህ በኋላ፣ እኔ ሥራ ሳልሄድ፣ እትዬ ወለተጻድቅ ብቅ ብለው ነበር። ወንፊት ሊዋሱ።»

«ሦስት ሳምንት ደጃችንን ያልረገጡ ሴት ዛሬ ወንፊት አማራቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቸገራቸዋ።»

«የት ተቀመጡ?»

ካሳነሽ ከኮመዲኖው አጠገብ ያለውን ወንበር በአገጯ አሳየችው።

«ብቻቸውን ተውሻቸው?»

«ወንፊቱን ላመጣ ጓዳ ገባሁ። ጉልላት፣ ምንድን ነው እንደ ምርመራ?»

«ቁልፉ የት ነው?»

ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጠንከር አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። ከዚያ ዲስኩ አልነበብ ማለቱን ሲነግራት ግን ተቆጥታ አልቀረችም፤ ከክሊኒኩ ለቤት ብላ ያመጣችውን አልኮል በትንሽ ጠርሙስ ሰጠችው። ጉልላት ጥጥ በክብሪት እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ አልኮል ውስጥ ነክሮ፣ የማሽኑን አፍ ከፈት አድርጎ ውስጥ ያለችውን የማንበቢያ ራስ ቀስ ብሎ ጠረገ። ጥጡ ትንሽ ቡና ዓይነት እድፍ ይዞ ወጣ። ተስፋ አደረገ። እስኪደርቅ ጠብቆ ሞከረው። ያችው መስመር።

ካሳነሽ ለመታጠብ ባኞ ቤት ገባች። የውሃው ድምፅ ሲጀምር ጉልላት ተነሳ። ቦርሳዋ ወንበር ላይ ነው። የሚፈልገው ነገር ማግኔት ይሁን፣ ደብዳቤ ይሁን፣ እሱም አያውቀውም። ከፍቶ በረበረው። ማበጠሪያ፣ የታክሲ ሳንቲም፣ የመርፌ ዕቃ፣ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት። ወረቀቱን ዘረጋው። የሳንባ ራጅ ለማንሳት የተሰጠ የቀጠሮ ወረቀት ነው፤ የታማሚው ስም አምሐ ይላል።

ካሳነሽ በፎጣ ፊቷን እያደረቀች ስትወጣ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ አገኘችው። ወረቀቱን አየች፣ የተከፈተውን ቦርሳ አየች።

«አምሐ ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ ማን ነገረሽ?» አላት።

«ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጉልላት። ይሄ ነጋሪ ያስፈልገዋል?»

«እኔ ምንም ሳልነግርሽ...»

«ምንም አልነገርከኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጀርባህን ነው ያየሁት። ልጁ ያስለዋል፤ እናቱ ለመኑኝ፤ ቀጠሮ አስያዝኩለት። ሳንባው ታሞ ከተገኘ አይወስዱትም ይሆናል ብዬ ነው። ዲስክህን አልነካሁም።»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸው ዲስክ ምን እንደሆነ የት ያውቃሉ?»

«የሚያውቅ ሰው ልኳቸው ይሆናል።»

ካሳነሽ ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው፤ ዚፑንም ዘጋች። «ሳይታወቀኝ የቀበሌ ሰው ሆነሃል» አለችው። ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም።

በአሥር ሰዓት ጓድ በዛብህ ራሱ መጣ። ለሰኞው ዝግጅት እንዲያምር አስቀድሞ ማየት ፈልጎ ነው። ከኋላው ዘቡ ደሜ ጠመንጃውን አንግቶ ቆሟል። ጉልላት የሆነውን ነገረው፤ ለማሳየትም ሞከረ፤ መስመሯ መጣች። ጓድ በዛብህ እንግሊዝኛውን አያነብም፤ የጉልላትን ፊት ግን አነበበ።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው?»

«ይመስላል። ሌላውን ዲስክ አንብቧል።»

«እንግዲያ ዲስኩን ሰው ነክቶታል።»

ጉልላት ዲስኩን ከማሽኑ አወጣ።

«ወይ አንተ፣ ወይ ባለቤትህ፣ ወይ እዚህ ቤት የገባ ሰው። ዛሬ እዚህ ቤት ማን ገባ?»

ካሳነሽ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ጉልላት ሳያያትም እንደምታየው ያውቃል። ስሙ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። የሚጠረጥራቸው እሱ ራሱ ነው፤ ቢናገር ደግሞ እሱ ነጻ ይወጣል፤ እሳቸው ይወሰዳሉ።

«ማንም አልገባም» አለ።

ጓድ በዛብህ ኮፍያውን አስተካከለ። «የዚህ ስሙ አሻጥር ነው፣ ጓድ ጉልላት። አገር ስትደማ አሻጥር ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ። ሰኞ በሦስት ሰዓት ዝርዝሩ ከተነበበ ንጹሕ ነህ፤ አንድ ቃል አልጠይቅህም። ካልተነበበ ግን አንተ ብቻ አይደለህም፤ ይህ ቤት በሙሉ ይጠየቃል። ደሜ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ከዚህ ሰውዬ ዓይንህን አታንሳ።»

እሁድ በአንድ ሰዓት ደሜ መጣ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ፊቱ የማይናገር ሰው ነው። ሳሎኑ በር አጠገብ ተቀምጦ ጠመንጃውን በጉልበቱ መሐል አቆመ። ካሳነሽ ነጠላዋን ተከናንባ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትወጣ ለደሜ ሻይ ቀዳችለት፤ ለጉልላት ሳትቀዳ ወጣች።

ጉልላት ሥራውን ከመጀመሪያው ጀመረ። ገመዶቹን ነቅሎ ሰካ። ማሽኑን አጥፍቶ እስኪበርድ ጠበቀ። ዲስኩን ሞከረ፤ እምቢ አለ። ለማነጻጸር ብሎ የጨዋታውን ዲስክ አጎረሰ። መስመሯ መጣች።

ዓይኑን ጠረገ። እንደገና ሞከረው። ትናንት ያለ ችግር የተነበበው ዲስክ ዛሬ አልነበብ አለ። ሌሎች ሁለት ነበሩት፤ ሁለቱንም ሞከረ። አንዳቸውም አልተነበቡም።

«ጋሽ ደሜ፣ ትናንት እዚህ ቤት የገባ ሰው አይተሃል?» አለ ሳያስበው።

«እኔ ትናንት ከጓድ በዛብህ ጋር ከመምጣቴ በፊት እዚህ አልነበርኩም» አለ ደሜ። ሻዩን ጠጣ። ማሽኑ አሁንም እያጉረመረመ ነበር። «ይሄ ዕቃ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጮኸው?»

«እንዴት?»

«እንደ ደከመው። እኔ ዘብ ከመሆኔ በፊት አስኮ ወፍጮ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ቺንጋው፣ የሚያዞረው ቀበቶ፣ የላላ ወፍጮ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ይነሳል፣ ይዝላል፣ ይነሳል፣ ይዝላል። እህሉን ስታየው ግማሹ ዱቄት ግማሹ ክክ ነው።»

ጉልላት ጆሮውን ማሽኑ ላይ ለጠፈ። እውነት ነው። ድምፁ ይወጣና ይወርዳል። ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ሲሰማው ኖሮ ስለለመደው ለውጡን አላስተዋለም። ካቻቢቴ ፈልጎ ስድስቱን ብሎኖች ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ፣ የዲስኩን ማንበቢያ ገለበጠ። ከትንሿ ሞተር ወደ ዲስኩ ማዞሪያ የተዘረጋች ቀጭን የላስቲክ ቺንጋ አለች። በጣቱ ሲነካት እንደ ክር ዘልዘል አለች። ረዝማለች፤ ውስጧም እንደ መስታወት አብለጭልጧል፤ ታንሸራትታለች። ቅዳሜ ማሽኑ እንዳጋጣሚ አንዱን ዲስክ አንብቦ ሌላውን ትቶ ነበር እንጂ ዲስኩ ጤነኛ ነበር።

ማንም አልነካውም። ወለተጻድቅ ወንፊት ነው የፈለጉት። ካሳነሽ የታመመ ልጅ ልታሳክም ነው። ጉልላት ቺንጋዋን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ጋለ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ ዲስኩ ከዳነ እሱ ነጻ ነው። ቺንጋ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አጠና ተራ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ጀላል የሚባል ሰው አለ፤ እሁድም ይከፍታል። ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወጡ። ደሜ በአንድ ትከሻው ጠመንጃ፣ በአንዱ ማሽን፤ ጉልላት ዲስኩን በደረት ኪሱ። የሚያያቸው ሰው ሁሉ ጉልላት የታሰረ መሰለው። አንዳንዱ መንገድ ለቀቀላቸው። ወለተጻድቅ ከአጥራቸው ሥር ቆመው ነበር፤ አዩት፣ ፊታቸውን አዞሩና ገቡ። ማዞራቸው ከደስታ ይሁን ከፍርሃት ሊለየው አልቻለም።

ጀላል ማሽኑን ሲያይ ሣቀ። «ይሄ ሁሉ ወሬ የተወራለት ዕቃ ውስጡ ቴፕ ነው እንዴ?» አለ። ከግድግዳው ምስማር ላይ የተንጠለጠሉ የቴፕ ቺንጋዎች አውርዶ ለካ። የመጀመሪያው ሰፋ። ሁለተኛው ጠበበ፤ ሞተሩን ያዘው። ሦስተኛው ልክ ሆነ። በእጁ አዞረው፤ ለስለስ ብሎ ዞረ። ሊጠገን የመጣ የሰው ቴሌቪዥን ላይ ገመዱን ሰካለት።

«አንተ ሞክረው። ሶላት ደርሷል፤ ሰግጄ መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ሱቁ ውስጥ ጉልላትና ደሜ ቀሩ። ጉልላት ዲስኩን ከኪሱ አውጥቶ አጎረሰ። ማሽኑ በአንድ ወጥ ድምፅ ዞረ። መስመሯ አልመጣችም። በመስታወቱ ላይ ስሞች ከላይ ወደ ታች መፍሰስ ጀመሩ።

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ ንጹሕ ደስታ። ተነበበ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ጓድ በዛብህ ፊት ያቀርባል፤ ቤቱን የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ማንበብ ጀመረ። ሲጽፋቸው ከአምሐ በቀር አንዱንም ልብ ብሎ አላነበበም ነበር፤ ከወረቀት ወደ መተየቢያ ብቻ ያሳልፋቸው ነበር። የዳቦ ቤቱ ልጅ። ኳስ ሜዳ ላይ በረኛ የሚቆመው። ጥሩሰው፣ ባለፈው ክረምት የጣሪያቸውን ቆርቆሮ በነጻ የመታላቸው። ሰባ አንድ፣ አምሐ። ንጽሕናውን የሚያረጋግጥለት ብቸኛ ማስረጃ እነዚህ ልጆች ናቸው። እነሱን ካስረከበ ነው እሱ ነጻ የሚሆነው።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ደሜ ከኋላው።

ደሜ የፈረንጅ ፊደል አያነብም። ግን ወፍጮን በድምፁ የሚያውቅ ሰው ነው፤ በመስታወቱ ላይ ያለው ነገር ቁጥር ያለው፣ መስመር በመስመር የወረደ ዝርዝር ነው። ልጅ ይኖረው ይሆን? ጉልላት በችኮላ የአባት ስሞቹን ቃኘ፤ ደሜ የሚባል አባት የለም። እንግዲያ ይህ ሰው ዝም የሚልበት ምክንያት የለውም።

«ስህተት ነው» አለ ጉልላት። ድምፁ ለራሱም ቀጠነበት። «ማሽኑ ያገኘውን ስህተት እየዘረዘረ ነው።»

ደሜ ከመቀመጫው ተነስቶ ተጠጋ። ጠመንጃው የጠረጴዛውን ጠርዝ ነካ። የሚወርደውን መስመር ለረጅም ጊዜ አየው፤ እስከ መጨረሻው።

«ብዙ ስህተት ነው» አለ። ተመልሶም ቦታው ተቀመጠ።

ጉልላት አዲስ ዲስክ የሚዘጋጅበትን ትእዛዝ ጻፈ። ያ ትእዛዝ በዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ባዶ ያደርገዋል። ማሽኑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። መንገድ ላይ የመኪና ጥሩምባ ሲነፋ ደነገጠ፤ ከዚያ ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ ቀስ እያለ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረገ፣ ከዳር ወደ መሐል ሄደ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ለጉልላት ግን ያ ደቂቃ ከሦስቱ ሳምንታት ረዘመበት።

ጀላል ሲመለስ ማሽኑ የጨዋታውን ዲስክ ደህና አድርጎ ያነብ ነበር። የዝርዝሩ ዲስክ ግን ባዶ ነው።

«ቺንጋው ላልቶ ሳለ ስንቴ ሞከርክበት?» አለ ጀላል።

«ሃያ ጊዜ ይሆናል።»

«በልቶታላ! ቴፕም ካሴት ይበላ የለ?» አለ ጀላል እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ሰኞ በሦስት ሰዓት ጓድ በዛብህ ከከፍተኛው የመጣ ሰው ይዞ ቀረበ። ባዶውን መስታወት እንዳየ ሰውዬው ወዲያው ወጣ፤ የጓድ በዛብህ ፊት አመድ መሰለ። ጉልላትን የዚያኑ ዕለት የቀበሌው ግቢ ውስጥ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ቆለፉበት። ማሽኑንም ወሰዱት። በየቀኑ ያው ጥያቄ ነው፤ ማን አዘዘህ? ለማን ነው የምትሠራው? ሀንጋሪ ከማን ጋር ነበርክ? የእሱም መልስ በየቀኑ አንድ ነው፤ ቺንጋው ላላ፣ ዲስኩ ተበላ። ጀላል ተጠርቶ አሮጌዋን ቺንጋ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣና እንዴት እንደምታንሸራትት አሳያቸው።

ደሜን የጠየቁት ጉልላት ባለበት ነው።

«ከዓይንህ አልጠፋም?»

«አልጠፋም።»

«ምን ሲያደርግ አየኸው?»

«ሲደክም ነው ያየሁት። ማሽኑ ስህተቱን ሲዘረዝርም አይቻለሁ፤ እስከ መጨረሻው አይቻለሁ። የሚነበብ ነገር አልነበረም።»

ጓድ በዛብህ ደሜን ትክ ብሎ አየው፤ ደሜ ደግሞ ግድግዳውን አየ። ጉልላት ከዚያ በኋላ ሌሊት ሌሊት ስለዚያ ቃል ሲያስብ ያድራል። ሰውዬው ገብቶት ነው? ከገባውስ ለምን? ነገ መጥቶ ምን ይጠይቀኛል?

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ያለ ምንም ማብራሪያ ሂድ አሉት። ማሽኑን አልመለሱለትም፤ ጓድ በዛብህ ቢሮ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀምጦ አቧራ እየጠጣ ነበር። ቤት ለቤት ምዝገባው እንደገና ከሀ ተጀመረ፤ አዲሱ ዝርዝር ያለቀው ግንቦት ውስጥ ነው። በመሐሉ ከሁለት መቶ አሥራ አራቱ ብዙዎቹ ወደ ዘመድ፣ ወደ ገጠር፣ ወደ ማይታወቁበት ሰፈር ተበተኑ። ሁሉም አልተረፉም፤ ጥሩሰውን ፌርማታ ላይ ታክሲ ሲጠብቅ አፍሰው ወሰዱት፤ ወሬው አልተሰማም። አምሐ ሳንባው ደህና ሆኖ ተገኘ፤ እናቱ በዚያው ሳምንት ጅማ አጎቱ ጋ ላኩት።

ወለተጻድቅ ግን ለጉልላት ሰላምታ አልመለሱለትም። በሰፈሩ የታመነው ወሬ፣ ጉልላት ልጆቹን አሳልፎ ሊሰጥ ሲል እግዜር ማሽኑን አፈነዳበት የሚል ነው። መንገድ ላይ ሲያገኙት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ያደርጋሉ።

ደሜም ምንም ሊጠይቀው አልመጣም። አንድ ጠዋት ፌርማታው ላይ ተገናኙ። ደሜ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው፤ እንዴት ሰነበትክ ተባባሉ፤ ታክሲው ሲመጣ ደሜ ቀድሞ ገባ። ጉልላት ቦታ እያለ የሚቀጥለውን ጠበቀ።

ጉልላት በዚያው በተፈታ ዕለት ማታ ለካሳነሽ ሁሉንም ነግሯት ነበር፤ ስለ ቺንጋው፣ ስለ ስሞቹ፣ ስለ ባዶው ዲስክ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መስኮቱ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ አይቶ ነው የነገራት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ለእትዬ ወለተጻድቅ ልንገራቸው?» አለች። ወዲያው ራሷ መለሰች። «አይሆንም። ደስታ አፍ ያስከፍታል። ቢጠሉህ ይሻላል።»

«ይጥሉኝ» አለ።

ካሳነሽ እንባዋን ጠረገች።

«ያን ዕለት አንቺንም...» ብሎ ጀመረ ጉልላት። «እሳቸውንም፣ አንቺንም። ሁሉንም ጠርጥሬ...»

«አውቃለሁ።»

«ይቅር በዪኝ።»

ካሳነሽ ተነስታ ራቱን አቀረበች፤ በመጋዘኑ ከስቶ ስለነበር አብዝታ ነው ያቀረበችው። ከጎኑ ተቀመጠች።

«ብላ» አለችው። «ይቅርታውን ቀስ ብለን እናየዋለን።»